ጥይት የማይገድለው ተኳሽ

ድራኩላን የገደለው የቴክሳስ ሰው ነው ቢባል ብዙው አንባቢ ይስቃል። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመውን ልብ ወለድ እስከ መጨረሻው የዘለቀ ግን አይስቅም (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ደም መጣጩ ቫምፓየር ሣጥኑ ውስጥ እንደተጋደመ በጋሪ ተጭኖ ወደ ግንቡ ይጋልባል። አሳዳጆቹ በፈረስ ይከተሉታል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቷታል። የያዙት ዊንቸስተር ጠመንጃ ነው፤ ዊንቸስተር እንያዝ ያለውም ኩዊንሲ ሞሪስ የተባለው ቴክሳሳዊ ነው። እንግሊዛዊው ጆናታን ሃርከር የድራኩላን አንገት ሲቆርጥ ኩዊንሲ ቦዊ የተባለውን ትልቅ ቢላዋ ልቡ ላይ ይሰካል። እሱም በጋሪው አጃቢዎች ስለት ቆስሎ ስለነበር እዚያው ይሞታል። የካርፓቲያንን ተራሮች በአሪዞና ገደሎች ብትተኩት፣ ይህ ተራ የዌስተርን (የካውቦይ) ፊልም ማሳረጊያ ነው።

ስቶከር ይህን ሲጽፍ አሜሪካዊው ምዕራብ ለለንደን ሰው እንግዳ አልነበረም። ቡፋሎ ቢል በ1887 ፈረሰኞቹን፣ ጎሾቹንና የሕንዳውያን ተዋጊዎችን ይዞ ለንደን ገብቶ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳትቀር አይታዋለች። ፊልም ሠሪዎች ግን ኩዊንሲን አልወደዱትም። ቶድ ብራውኒንግ በ1931 ቤላ ሉጎሲን ይዞ «ድራኩላ»ን ሲሠራ ቴክሳሳዊውን ከነአካቴው አወጣው፤ የእንግሊዙ ሃመር ኩባንያም በ1958 ክሪስቶፈር ሊን ቫምፓየር ሲያደርግ እንዲሁ። በ1931ዱ ፊልም ከቴክሳስ የተረፈ ነገር ቢኖር አርማዲሎ ነው። የድራኩላን ግንብ ምድር ቤት የሚያሳየውን ክፍል ልብ ብላችሁ እዩት፤ ከሬሳ ሣጥኖቹ አጠገብ አርማዲሎዎች ይርመሰመሳሉ። አርማዲሎ በአሜሪካ አህጉር እንጂ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ጥሩር የለበሰ እንስሳ ነው። ትራንሲልቫኒያ ምን ሊሠራ እንደመጣ የጠየቀ ተመልካች የነበረ አይመስልም።

የደም መጣጩና የካውቦዩ ፊልም በደንብ የተጋቡት በ1959 ነው። ዩኒቨርሳል ኢንተርናሽናል ያወጣው «ከርስ ኦቭ ዘ አንዴድ» ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው የቫምፓየር ዌስተርን ተብሎ ይጠቀሳል። ለምን ያን ጊዜ? መልሱ ከጥበብ ይልቅ ከገበያ ጋር የተያያዘ ነው። በ1957 መኸር የዩኒቨርሳል የድሮ አስፈሪ ፊልሞች «ሾክ» በሚል ጥቅል ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ፤ 52 ፊልሞች ነበሩ። ድራኩላንና ፍራንከንስታይንን ከወላጆቻቸው ወሬ ብቻ ያውቁ የነበሩ ልጆች ሌሊቱን ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ማደር ጀመሩ። በማግሥቱ ዓመት የሃመሩ ድራኩላ ቀይ ደሙን በቀለም እያሳየ አሜሪካ ገባ። በሌላ በኩል በዚያው ወቅት የአሜሪካ ቴሌቪዥን በሳምንት ከሃያ በላይ የዌስተርን ተከታታይ ድራማዎችን ያሳይ ነበር። በርካሽ ፊልም የሚሠራ ስቱዲዮ ይህን ሲያይ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። የእንጨት መጠጥ ቤቱ፣ የሸሪፉ ቢሮ፣ ፈረሱና ኮርቻው ግቢው ውስጥ ተሠርቶ ቆሟል። የጎደለው ሬሳ ብቻ ነበር።

ጽሑፉን የጻፉት ዳይሬክተሩ ኤድዋርድ ዴን እና ባለቤቱ ሚልድረድ ናቸው። ሐሳቡ በቀልድ እንደተጀመረ ዴን በኋላ ተናግሯል። ፊልሙ ግን አይቀልድም፤ ያቆየውም ይኸው ይመስለኛል። በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ሰማንያ ደቂቃ የማይሞላ፣ ተዋናዮቹ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው የሚሠሩት ነገር ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ወጣት ሴቶች ምንነቱ በማይታወቅ በሽታ ይረግፋሉ። ሐኪሙ ዶክተር ካርተርና ሰባኪው ዳን ሊያድኗቸው ይደክማሉ። ካርተር ከጎረቤቱ ከባለጸጋው በፈር ጋር በውኃና በመሬት ድንበር ይካሰሳል። አንድ ምሽት የሐኪሙ ጋሪ ብቻውን ቤት ይደርሳል፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ሞቶ፣ አንገቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ይዞ። ልጁ ቲም ሰክሮ በፈርን ሊበቀል ሄዶ በጥይት ይሞታል። እህቱ ዶሎረስ ተስፋ ቆርጣ በየግድግዳው ማስታወቂያ ትለጥፋለች፦ ገዳዩን ለገደለ 100 ዶላር። ማስታወቂያውን አንብቦ የሚመጣው ድሬክ ሮቢ የተባለ ጥቁር የለበሰ ቅጥረኛ ተኳሽ ነው። ዶሎረስ የማታውቀውን ተመልካቹ ቀድሞ ያውቃል፤ አባቷን የገደለው በፈር አልነበረም፣ አሁን የቀጠረችው ሰው ነው።

ሮቢን የሚጫወተው ማይክል ፔት አውስትራሊያዊ ነው፤ በሆሊውድ ብዙ ጊዜ የሕንዳዊ ተዋጊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ካባ የለውም፤ ጥርሱን አያሳይም፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ሰባኪውን የሚጫወተው ኤሪክ ፍሌሚንግ በዚያው ዓመት ከክሊንት ኢስትዉድ ጋር «ሮሃይድ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከብት ነጂ ሆኖ ታዋቂ እየሆነ ነበር። እና አሁን የፊልሙ ዋና ነገር ይመጣል። በመጠጥ ቤት ከበፈር ሰዎች አንዱ ሮቢን ይፈታተነዋል፤ ሽጉጥ ይመዛል፤ ይተኩሳል፤ ይመታዋል። ሮቢ አይወድቅም።

በዚህች ቅጽበት ዌስተርን የተባለው የፊልም ዓይነት ሁሉ ይናጋል። ዌስተርን የቆመበት መሠረት አንድ ነው፦ ክርክሩ በመጨረሻ ጎዳና መሐል ይፈታል፣ ቀድሞ የመዘዘና ያልሳተ እውነቱን ይረታል። ሸሪፍ ቢፈራ፣ ዳኛ ቢሸጥ፣ ጥይት አይዋሽም። ሞት ለሁሉም እኩል ስለሆነ ሽጉጥ ዳኛ መሆን ይችላል። አንዱ ተፋላሚ የማይሞት ከሆነ ግን ፍጥነትም፣ ጀግንነትም፣ ልምምድም ከንቱ ነው። ሮቢ ፈጣን መሆን እንኳ አያስፈልገውም። ያን ሁሉ ዘመን እየኖረ ሽጉጡን ለምን እንደታጠቀ ብትጠይቁ፣ መልሱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው፤ ለልማድ ይመስላል። ዌስተርንን የሚያስንቁ ፊልሞች ከዚያ በኋላ ብዙ መጡ፣ በጣም የተራቀቁም አሉ። ይህ ርካሽ ሥራ ግን ነገሩን በአንድ ጥይት ጨርሶታል ባይ ነኝ።

ሮቢ ቫምፓየር የሆነበት ምክንያት ሌላ ትኩረት የሚሻ ነገር ነው። ማንም አልነከሰውም። ዳን በሟቹ ሐኪም ወረቀቶች መሐል የቀድሞ የርስቱ ባለቤቶች የሮብልስ ቤተሰብ ማስታወሻ ያገኛል። የስፔን ዘር የሆነው ወጣት ድራጎ ሮብልስ ወንድሙን ከሚስቱ ጋር አግኝቶ ገድሎታል፤ ከዚያ በጸጸት ራሱን አጠፋ። ራሱን በማጥፋቱ መቃብር አልቀበለውም። ድሬክ ሮቢ እሱ ነው።

ይህ ስቶከር የፈጠረው አይደለም፣ ከስቶከር በእጅጉ ይቀድማል። በአውሮፓ ብዙ ቦታ ራሱን ያጠፋ ሰው በተባረከ መሬት አይቀበርም ነበር። በእንግሊዝ አገር መስቀለኛ መንገድ ላይ ይቀበር ነበር፤ አንዳንዴም እንዳይነሣ ሬሳው ላይ ችካል ይመቱበታል። ልማዱን በሕግ ያስቆሙት በ1823 ነው። ፍትሐት የማይፈታለት ሟች ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው፣ ከሆሊውድ ተመልካች ይልቅ የድራጎን ነገር ቶሎ የሚረዳ ይመስለኛል። ሮቢ ክፉ ከመሆኑ በፊት ያልተሸኘ ነው። ለዚህ ነው ፔት ሰውየውን በድካም የተጫወተው፤ ዶሎረስን ሲያይ ፊቱ ላይ ረሃብና ሀዘን ይቀያየራሉ።

መሬቱም አለ። ካርተሮች የሚኖሩበት ርስት ዱሮ የሮብልሶች ነበር። አሜሪካ በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሰፊ ግዛት ከሜክሲኮ ስትወስድ፣ በስፔንና በሜክሲኮ መንግሥታት መሬት የተሰጣቸው ብዙ ቤተሰቦች በፍርድ ቤት ሙግትና በጠበቃ ክፍያ ርስታቸውን አጥተዋል። ፊልሙ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገርም። ነገር ግን ሁለት አዲስ ባለመሬቶች በድንበር ሲጣሉ፣ የጥንቱ ወራሽ ከመቃብር ወጥቶ የሁለቱንም ደም ይመጥጣል፤ የሚተኛውም በካርተር የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው። ዴኖች ይህን አስበው ጻፉት ብዬ አልከራከርም። ታሪክ ግን ያልተጋበዘበት ፊልም ውስጥ ሲገባ ይህን ይመስላል። ከድንበሩ ወዲያ፣ በሜክሲኮ፣ ፈርናንዶ ሜንዴዝ በ1957 «ኤል ቫምፒሮ»ን ሠርቶ ደም መጣጩን የፈረሰ የገጠር ርስት ቤት ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ እዚያም ቢሆን ነገሩ የሚሽከረከረው በመሬት ውርስ ዙሪያ ነው።

በመክፈቻው ላይ የሚሞቱት ልጃገረዶችም ከባዶ አልመጡም። አሜሪካ የራሷ የቫምፓየር ታሪክ ነበራት፣ ያውም በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት። በ1892 በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ኤክሰተር በምትባል የገጠር ከተማ ሜርሲ ብራውን የተባለች የ19 ዓመት ልጅ በዚሁ በሽታ ሞተች። እናቷና እህቷ ቀድመዋት ሞተዋል፤ ወንድሟ ኤድዊን እየከሳ ነው። ከሟቾቹ አንዷ በሌሊት እየተነሣች ትመጥጠዋለች የሚል ወሬ ተነዛ። መቃብር ከፈቱ፤ ብርድ የበዛበት ክረምት ስለነበር የሜርሲ ሬሳ አልፈረሰም፣ ልቧ ውስጥም ደም ተገኘ። ልቡን ድንጋይ ላይ አቃጥለው አመዱን ለኤድዊን በመድኃኒት መልክ አጠጡት። ከሁለት ወር በኋላ ሞተ። ያው ነቀርሳ ብዙ ሕመምተኛ ለደረቅ አየር ሲል ወደ ምዕራብ እንዲሰደድ አድርጓል። ዶክ ሆሊደይ፣ በ1881 በቱምስቶን ከኧርፕ ወንድማማቾች ጎን ቆሞ የተታኮሰው የጥርስ ሐኪምና ቁማርተኛ፣ ደም እያሳለው የሚኖር ነቀርሳም ነበር። የገረጣ፣ የከሳ፣ ሌሊት ካርታ ሲጫወት የሚያድር፣ ሞት ቀድሞ ስለፈረደበት ተኩስ የማይፈራ ሰው። ቫምፓየሩ ወደ ምዕራብ ከመምጣቱ በፊት ወንበሩ ተይዞለት ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ችግር ግን አለ፦ ፀሐይ። ዌስተርን የብርሃን ፊልም ነው፤ ሜዳው፣ አቧራው፣ የቀትሩ ፍልሚያ። ቫምፓየር የሌሊት ነው። ሮቢ በቀን ሲንቀሳቀስ ያዩ ተመልካቾች «ሕግ ጣሰ» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ብርሃን ቢያስቸግረውም አይቃጠልምና። የተጣሰ ሕግ የለም። የስቶከር ድራኩላም በጠራራ ፀሐይ ለንደን ውስጥ ይዘዋወራል፤ ቀን ላይ ኃይሉ ይቀንሳል እንጂ አይሞትም። ፀሐይ ቫምፓየርን ታጠፋለች የሚለውን ያስለመደን በ1922 «ኖስፈራቱ»ን የሠራው ጀርመናዊው ሙርናው ነው። ከመቶ ዓመት ብዙም ያልዘለለ የፊልም ብልሃት የጥንት እምነት መስሎ ቆየ።

በርካሽ ፊልሞች ላይ ደግሞ ሌሊቱ ራሱ ቀን ነው። በሜዳ ላይ በሌሊት ለመቅረጽ ብዙ መብራት፣ ጄኔሬተርና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ በቀን ይቀርጹና የካሜራውን ቀዳዳ በማጥበብ፣ ማጣሪያ መስተዋት በመጨመር ምስሉን ያጨልሙታል። ብልሃቱን ለማወቅ መሬቱን ማየት ነው። የፈረሱ ጥላ ጥርት ብሎ ከተኛ፣ ሰማዩም ከሰዎቹ ፊት ይልቅ ካበራ፣ «እኩለ ሌሊት» የተባለው ከቀትር በኋላ ነው። በቫምፓየር ፊልም ላይ ይህ የተለየ ቀልድ ይሆናል፤ ፀሐይ የሚፈራው ፍጡር ፀሐይ አናቱ ላይ ወጥታ ያድናል።

የዚህ ሁሉ ማሳያ በ1966 የወጣው «ቢሊ ዘ ኪድ ቨርሰስ ድራኩላ» ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ቦዲን በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ሜሪ ፒክፎርድን ያሠራ፣ በስተርጅና ግን በፍጥነቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ቀረጻ ስለማይደግም «ዋን ሾት» ይሉት ነበር። ከዚህ ጋር «ጄሲ ጄምስ ሚትስ ፍራንከንስታይንስ ዶተር»ን ጨምሮ ሠራ፤ ሁለቱ በአንድ ትኬት እንዲታዩ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። የመጨረሻ ረጃጅም ፊልሞቹም እነሱ ሆኑ። እውነተኛው ቢሊ ዘ ኪድ በሐምሌ 1881 ፎርት ሰምነር ውስጥ በሸሪፍ ፓት ጋሬት ጥይት ሞቷል። በፊልሙ ግን ሽፍትነቱን ትቶ የከብት እርባታ ኃላፊ ሆኗል፤ የባለቤቷን ልጅ ቤቲንም ሊያገባ ነው። ቫምፓየሩ አጎቷን መስሎ ይመጣል።

ፊልሙ መጥፎ ነው። የሌሊት ወፏ ጎማ መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ቫምፓየሩ ሰው ሲያፈዝ ፊቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፣ ይጠፋል። ያም ሆኖ ዓይኔን ከተዋናዮቹ ላይ ማንሣት አልቻልኩም። ቫምፓየሩ ጆን ካራዲን ነው። ካራዲን በ1939 በጆን ፎርድ «ስቴጅኮች» ላይ ቁማርተኛውን ሃትፊልድን ተጫውቷል፤ በማግሥቱ ዓመት በዚያው ዳይሬክተር «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» ላይ ሰባኪውን ኬሲን። በ1944ና በ1945 ደግሞ በዩኒቨርሳል ሁለት ፊልሞች ድራኩላን ሆኗል። ሁለቱ የፊልም ዓይነቶች በአንድ ሰው ሥጋ ተገናኝተዋል ማለት ነው። በ1966ቱ ፊልም መጀመሪያ ላይ የት ነው የምናገኘው? የፈረስ ጋሪ ውስጥ፣ ከመንገደኞች ጋር ተቀምጦ። ከ27 ዓመት በፊት ያከበረው ወንበር ላይ። ሐኪሟ ኦሊቭ ኬሪ ናት፤ የጋሪ ጓዝ መሪው ልጇ ሃሪ ኬሪ ጁኒየር። እናትና ልጅ በ1956 በፎርድ «ዘ ሰርቸርስ» ላይ አብረው ነበሩ። የታላቁ ዌስተርን ቤተኞች ተሰብስበው ጎማ ወፍ ሲያባርሩ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ካራዲን ከሠራው ብዙ ፊልም ውስጥ የሚቆጨው ይኸው አንዱ እንደሆነ ተናግሯል።

ማብቂያው ላይ ቢሊ ስድስት ጥይቱን ቫምፓየሩ ላይ ያራግፋል። ምንም። ከዚያ ባዶውን ሽጉጥ ይወረውርበታል፤ ፊቱን ይመታዋል፤ ቫምፓየሩ ይዘረራል! ቢሊም ሹል ብረት ልቡ ላይ ይመታበታል። ጥይት ያልበገረው ፍጡር በብረት ውርወራ መውደቁ አዳራሹን ሁሉ ያስቃል። የ1959ኙ ፊልም ይህችኑ እንቆቅልሽ በሌላ መንገድ ፈትቷት ነበር። ሰባኪው ዳን ኮቱ ላይ የሚሰካት ትንሽ መስቀል ነበረችው፤ ሮቢ ባያት ቁጥር ይሸሻታል። በመጨረሻው ፍልሚያ ሁለቱ ጎዳና ላይ ይቆማሉ፤ ሮቢ እንደለመደው ጥይቱን ሊቀበል ደረቱን ሰጥቶ ይተኩሳል። በዚህ ጊዜ ግን ይንገዳገዳል፣ ፊቱ ላይ መገረም ይታያል፣ ይወድቃል። ከሬሳው የሚቀረው ልብሱ ብቻ ነው። ዳን መስቀሏን ጥይቱ ጫፍ ላይ አጣብቋት ነበር። ዌስተርን ዳኛውን አስመለሰ፤ ለዚህ ግን ከቤተ ክርስቲያን መበደር ነበረበት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በ1989 አንቶኒ ሂኮክስ «ሰንዳውን» በተባለው አስቂኝ ፊልሙ በረሃ መሐል ያለች የቫምፓየር ከተማ ሠራ፤ የከተማዋን መሪ ደም መጣጭ የተጫወተው ዴቪድ ካራዲን፣ የጆን ልጅ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ ካትሪን ቢግሎ «ኒር ዳርክ»ን አውጥታለች። እሷና አብሯት የጻፈው ኤሪክ ሬድ መሥራት የፈለጉት ዌስተርን ነበር፤ ገበያው ስለሞተ ገንዘብ የሚያወጣ አጡ። ቫምፓየር ሲጨምሩበት በሩ ተከፈተ። በፊልሙ ውስጥ ቫምፓየር የሚለው ቃል አንዴም አይነሣም። ፈረሱ ጥላሸት በተቀባ መስኮት ያለው መኪና ሆኗል፤ ሽፍቶቹ በኦክላሆማ መንገዶች ሌሊት ሌሊት ይጓዛሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ፖሊስ የተኙበትን ሞቴል ይከባል። ተኩሱ ይከፈታል። እንደ ሮቢ ሁሉ ጥይቱ አይገድላቸውም፣ እነሱም እየሳቁ ይመልሳሉ። ግን ግድግዳው ቀጭን ነው። እያንዳንዱ ጥይት ቀዳዳ ይከፍታል፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የጠዋት ፀሐይ እንደ ዘንግ ቀጥ ብላ ትገባለች፤ የነካችው ሥጋ ይጨሳል። ፖሊሶቹ የሚያደርጉትን አያውቁም፤ ሰው ለመምታት ሲተኩሱ ብርሃን እያስገቡ ነው። ቫምፓየሮቹ ከጥይቱ ሳይሆን ጥይቱ ትቶት ከሚሄደው ቀዳዳ ይሸሻሉ፤ ከአልጋ ሥር ወደ አልጋ ሥር፣ ከጥግ ወደ ጥግ።